ሃይድሮጅን በጀሪካን

እሑድ እሑድ ሰንበቴ ላይ በሚቆመው ገበያ የአፋር ግመልና ፍየል፣ የቆላ ማሽላና የደጋ ጥራጥሬ ይገናኛሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያመራው አውራ ጎዳና በከተማዋ ያልፋል፤ በስተምሥራቅ ደግሞ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ቆላ ወደ አፋር እየተዘረጋ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ አገር ነዳጅ ዋጋ የሚኖረው በአህያም ሆነ በባጃጅ ሲጫን፣ በሊትር ሲሰፈር፣ ለወራትም ሳይበላሽ ሲቀመጥ ነው። ናፍጣ ሦስቱንም ያሟላል። የነገው ነዳጅ እየተባለ የሚሞገሰው ሃይድሮጅን ግን አንዱንም አያሟላም። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን በተለመደው የአየር ግፊት ከ11 ሜትር ኩብ በላይ ቦታ ይፈልጋል፤ አንዲት ጠባብ ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ይሞላል ማለት ነው። በ700 እጥፍ የአየር ግፊት ቢታመቅ እንኳ በሊትር 40 ግራም ገደማ ብቻ ይገኛል። ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ድረስ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሲሆን በሊትር 71 ግራም ይደርሳል፤ ያን ቅዝቃዜ ጠብቆ የሚያቆይ ዕቃ ግን እንኳን ጅሌ ጥሙጋ አዲስ አበባም በቀላሉ አይገኝም።

ሜታኖል እዚህ ላይ ይገባል። ከአልኮሎች ሁሉ ትንሹ ነው፤ ሞለኪውሉ አንድ ካርቦን፣ አንድ ኦክስጅንና አራት ሃይድሮጅን ብቻ ይዟል። ከአንድ የውሃ ሞለኪውል ጋር ሆኖ ሲፈታ አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሦስት የሃይድሮጅን ሞለኪውሎች ይወጣሉ። ከሦስቱ የአንዱ መጠን የሚመጣው ከውሃው ነው፤ ውሃው ራሱ ሃይድሮጅን ያዋጣል። ሂሳቡ ሲሠራ 1 ሊትር ሜታኖል ግማሽ ሊትር ከማይሞላ ውሃ ጋር 148 ግራም ያህል ሃይድሮጅን ይሰጣል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ሃይድሮጅን ከሚይዘው እጥፍ መሆኑ ነው፤ የውሃውን ቦታ ብንቆጥርበት እንኳ ብልጫው አይጠፋም። ሜታኖል በተለመደው ሙቀትና ግፊት ፈሳሽ ስለሆነ በርሜል ይበቃዋል።

ነገሩ በወረቀት ላይ እንዲህ ካማረ በየቦታው የማናየው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው መዳብ ላይ ነው። ሜታኖልን በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በንጽህና የሚፈታው መዳብ ነው፤ ከዚያ ብዙ ከፍ ያለ ሙቀት የማይችለውም ያው መዳብ ነው። ቴክኖሎጂው የት እንደሚያዋጣና የት እንደማያዋጣ ከሞላ ጎደል የሚወስነው ይህ የሙቀት ቁጥር ነው ብዬ እከራከራለሁ። ለመኪና አልሆነም። ለሰንበቴ ከተማ መብራትም ምርጫ ሊሆን አይገባም። ከመስመር ርቆ ቀንና ሌሊት ጥቂት ኪሎዋት ለሚፈልግ የቴሌ ማማ ወይም ጤና ጣቢያ ግን ከናፍጣ ጄኔሬተር የተሻለ መጠባበቂያ ሊሆን ይችላል፤ ሜታኖሉ ከየት እንደመጣ እስከታወቀ ድረስ።

ካታሊስት ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በለውጡ የማያልቅ ነገር ነው። የትኛው ካታሊስት እንደሚያስፈልግ የሚወሰነው በሚፈታው ነገር ጥንካሬ ነው። የተፈጥሮ ጋዝን በእንፋሎት ፈትቶ ሃይድሮጅን ለማውጣት ኒኬልና ከ700 እስከ 900 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይጠይቃል፤ በሜቴን ውስጥ ካርቦኑን ከሃይድሮጅኑ ጋር ያሰረው ትስስር በዋዛ አይላቀቅም። ሜታኖል ግን ካርቦኑ አስቀድሞ ከኦክስጅን ጋር ተያይዟል፤ ካርቦን ከካርቦን የሚያያዝበት ትስስር ደግሞ ጭራሽ የለውም። ስለዚህ ረጋ ያለ ብረት ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1921 ዴንማርካዊው ኬሚስት ክርስቲያንሰን የሜታኖልና የውሃ እንፋሎት በመዳብ ላይ ሲያልፍ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚሰጥ ጽፎ አሳተመ። ነገሩ ከታወቀ መቶ ዓመት አልፎታል ማለት ነው።

መዳቡ ምን እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንየው። ሜታኖሉ መዳቡ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚጥለው ከኦክስጅኑ ጋር የተያያዘውን ሃይድሮጅን ነው። የቀረው ቁራጭ በኦክስጅኑ በኩል መዳቡን ይዞ ይቆማል። ከዚያ ከካርቦኑ ላይ ሃይድሮጅን ይነቀላል፤ የሥራውን ፍጥነት የሚይዘው ማነቆ ይህ ነው። በመጨረሻ ከውሃው የተገኘ ኦክስጅን ይጨመርበትና ፎርሜት በሚባል መልክ አልፎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይለቃል። ቀደም ባሉት ዓመታት ብዙዎች የገመቱት ሌላ መንገድ ነበር፤ ሜታኖሉ መጀመሪያ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበተናል፣ ሞኖክሳይዱ ደግሞ ቆይቶ ከውሃ ጋር ይዋሃዳል የሚል። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ለውጡ ከሚካሄድበት ሪአክተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በሙቀቱ ከሚጠበቀው የሚዛን መጠን ጋር እኩል ወይም ከዚያ በላይ መሆን ነበረበት። የሚለካው ግን ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ሞኖክሳይዱ በአብዛኛው ዘግይቶ የሚመጣ ተረፈ ምርት ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ወደ ኋላ ሲዋሃዱ የሚፈጠር። ሃይድሮጅንን ወደ ኤሌክትሪክ ለሚለውጠው ፊውል ሴል ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ በ80 ዲግሪ የሚሠራው የተለመደው ፊውል ሴል በሚሊዮን ውስጥ 10 እጅ ያህል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲደርሰው በውስጡ ያለው ፕላቲነም ይታፈናል።

የመዳብ ረጋ ማለት ጥቅሙ ይህ ነው። ኒኬል፣ ፕላቲነም ወይም ፓላዲየም በቦታው ቢሆን ሃይድሮጅኑን ሁሉ ገፍፈው ካርቦን ሞኖክሳይዱን ያስቀሩት ነበር፤ ኃይለኛ ካታሊስት ሁሉ ጥሩ ካታሊስት አይደለም። ለዚህ አንድ ጥሩ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የጃፓን ተመራማሪዎች ፓላዲየምን በዚንክ ኦክሳይድ ላይ አስቀምጠው ሲሞክሩት ጠባዩ ተለውጦ እንደ መዳብ መሥራት ጀመረ። ሲመረመር ፓላዲየሙ ከዚንክ ጋር ቅይጥ ፈጥሮ፣ የኤሌክትሮኖቹ አቀማመጥ ወደ መዳብ ተጠግቶ ተገኘ። ይህ የፓላዲየም ቅይጥ ከመዳብ የበለጠ ሙቀት ይችላል፤ ዋጋው ግን የከበረ ማዕድን ዋጋ ነው።

ንጹህ መዳብ ብቻውን ግን ብዙ ርቀት አያስኬድም። በፋብሪካ የሚሠራው ካታሊስት የመዳብ፣ የዚንክና የአልሙኒየም ኦክሳይድ ድብልቅ ነው። አሠራሩን ማየት ያስደስታል። የሦስቱ ብረቶች ናይትሬት በውሃ ይሟሟና ደማቅ ሰማያዊ ፈሳሽ ይሆናል። ሶዲየም ካርቦኔት ጠብ እያለ ሲጨመርበት፣ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ተይዞ እየተማሰለ፣ ዝቃጭ ይወርዳል። ዝቃጩ በዚያው ፈሳሽ ውስጥ ይቆያል፤ በቆይታው ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ ማላካይት ከተባለው አረንጓዴ የመዳብ ድንጋይ ጋር የሚቀራረብ ክሪስታል ነው። ይህን ቆይታ ያሳጠረ ሰው ደካማ ካታሊስት ያገኛል፤ ሶዲየሙን በደንብ አጥቦ ያላስወጣም እንዲሁ። ከዚያ ተጣርቶ፣ ደርቆ፣ ከ300 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ሙቀት ተቃጥሎ ጥቁር ዱቄት ይሆናል፤ በመጨረሻም ከኪኒን የማይበልጡ ጥቁር እንክብሎች ሆኖ ይታተማል። እንክብሉ ሥራ የሚጀምረው ሪአክተር ውስጥ ገብቶ በናይትሮጅን በቀጠነ ሃይድሮጅን ቀስ ተብሎ ኦክስጅኑ ሲወሰድበት ነው። ይህ ሥራ ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ የቸኮለ ቴክኒሻን ሃይድሮጅኑን ካበዛው ካታሊስቱ አንድ ቀን ሳይሠራ ይበላሻል።

በዚህ ሁሉ ድካም የሚገኘው 10 ናኖሜትር ገደማ የሆኑ የመዳብ ቅንጣቶች ናቸው። ዚንክ ኦክሳይዱና አልሙኒየም ኦክሳይዱ በመካከላቸው ገብተው እንዳይገናኙ ይለያዩዋቸዋል። ዚንኩ ከዚህም በላይ ሥራ አለው፤ ምን እንደሆነ ግን ኬሚስቶች ለአሥርተ ዓመታት ሲጨቃጨቁበት ኖረዋል። አንዱ ወገን ዚንኩ ወደ መዳቡ ገጽ ወጥቶ ይቀየጣል ሲል፣ ሌላው መዳብና ዚንክ ኦክሳይድ የሚነካኩበት ድንበር ነው ዋናው ይላል። እኔ ሁለቱም እንደየሁኔታው ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም ባይ ነኝ፤ የካታሊስቱ ገጽ እንደሚያልፍበት ጋዝ ይለዋወጣልና።

አሁን ወደ ሙቀቱ ጣሪያ እንምጣ። መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ነው፤ ከኒኬልም ከፕላቲነምም ያነሰ። ጠጣር ነገር ለመቅለጥ ሩቅ ሆኖ ሳለ እንኳ በገጹ ላይ ያሉ አቶሞች መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፤ መዳብ በሚቀልጥበት ሙቀት መጠን ይህ የሚብሰው ከ300 ዲግሪ ካለፈ ነው። ትንንሾቹ ቅንጣቶች ተያይዘው ትልቅ ይሆናሉ፤ የሚሠራው ገጽ ይቀንሳል፤ አንዴ ከተያያዙ በኋላ መለያያ የለም። ከሙቀት ሌላ ድኝ ያለበት ጋዝ በጥቂቱም ቢሆን መዳቡን ይመርዘዋል። ክሎሪን ደግሞ ይብሳል፤ ከመዳቡም ከዚንኩም ጋር በቀላሉ የሚንቀሳቀስ ጨው ፈጥሮ ቅንጣቶቹን ያገናኛቸዋል። እየሠራ ሳለ አየር ከገባበት ይግላል፣ ሊነድም ይችላል። ከጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ክሎራይድና ሌላ ጨው ይዞ ስለሚመጣ ሪአክተሩ ውስጥ ሊጨመር አይችልም፤ የተጣራ ውሃ የግድ ነው። ደግነቱ ፊውል ሴሉ ሃይድሮጅኑን ሲጠቀም ንጹህ ውሃ ይመልሳል፤ ለእያንዳንዱ ሜታኖል ከሚያስፈልገው ሦስት እጥፍ። ያን ውሃ አቀዝቅዞ መልሶ መጠቀም ይቻላል።

ይህን ጠባይ ችላ ያሉ ሰዎች የደረሰባቸውን እናውቃለን። ዳይምለር ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1997 ኔካር 3 የተባለች፣ ሜታኖሏን ጭና እዚያው የምትፈታ መኪና አሳየ። ከእሷ በኋላ የመጣችው ኔካር 5 እ.ኤ.አ. በ2002 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስታ አሜሪካን አቋርጣ ዋሽንግተን ገባች። ትልቅ የምህንድስና ሥራ ነበር፤ ገበያ ግን አልወጣም። መኪና ማለዳ በቀዝቃዛ ይነሳል፣ ዳገት ላይ ድንገት ብዙ ኃይል ይጠይቃል፣ ቁልቁለት ላይ ይተወዋል፣ በቀን አሥር ጊዜ ይጠፋል። ሪአክተሩ ግን እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ሲወርድ ያልተፈታ ሜታኖል ያልፋል፣ ሲወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበዛል፣ ይበልጥ ሲወጣ መዳቡ ያረጃል። ፊውል ሴሉ ደግሞ በ80 ዲግሪ የሚሠራ ስለነበር በመካከል ጋዙን የሚያጣሩ ተጨማሪ ክፍሎች አስፈልገዋል። ብዙ ሰዎች ከዚህ ተነስተው ሜታኖል ለሃይድሮጅን አይሆንም ብለው ደመደሙ። እኔ የምደመድመው ጠበብ ያለ ነገር ነው፤ መዳብ ጥድፊያ አይወድም፣ መኪናና መዳብ አልተስማሙም።

ለመዳብ የሚስማማውን ባልደረባ ካገኙት መካከል ስማቸው ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ቅርብ የሆነ ሰው አሉ። ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ አዲስ አበባ ተወልደው፣ በአብዮቱ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ሳይንቲስት ናቸው። አባታቸው የግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ሶስና በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ጠጣር አሲድ የተባሉ ጨዎች የፊውል ሴል እምብርት ሊሆኑ እንደሚችሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳዩ። ከእነዚህ ጨዎች አንዱ፣ የሲዚየም ፎስፌት ዓይነት፣ ከ230 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የሃይድሮጅን ፕሮቶኖችን በፍጥነት ያሳልፋል። መዳብ ሜታኖልን ከሚፈታበት ሙቀት ጋር መግጠሙን ልብ ይሏል። እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሥራ የመዳብና ዚንክ ካታሊስቱን ፊውል ሴሉ ውስጥ ሃይድሮጅን በሚገባበት ክፍል ራሱ አስቀመጡት፤ 250 ዲግሪ አካባቢ፣ ሁለቱም በአንድ ቤት። ሜታኖል ሲሰጠው በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ካሬ 226 ሚሊዋት ተገኘ። 1 በመቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለበት ጋዝ ሲሰጠውም 305 ሚሊዋት ሰጠ፤ የ80 ዲግሪውን ፊውል ሴል በአንድ ጊዜ የሚያንቀው መጠን እሱን አላስቸገረውም።

የዚህ ሥራ ፍሬ ነገር ያለው ከዋቱ ቁጥር ይልቅ ሙቀቱ ላይ ነው። ሜታኖልን መፍታት ሙቀት ይበላል። አንድ ሞል ሜታኖልና ውሃ ለመፍታት 49 ኪሎጁል፣ ሁለቱን አስቀድሞ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ደግሞ 80 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል። ከዚያ የሚወጣው ሃይድሮጅን የያዘው ኃይል ከ720 ኪሎጁል ይበልጣል፤ ፊውል ሴል ከዚህ ግማሽ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ቢለውጥ ሌላው ግማሽ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ከሚያስፈልገው ከእጥፍ በላይ ነው። ታዲያ የሚባክነው ሙቀት በ80 ዲግሪ ከወጣ ምንም አይረዳም፤ ለብ ያለ ውሃ አሥር በርሜል ቢኖር እንጀራ አይጋገርበትም። በ160 ዲግሪ ከወጣ ፈሳሹን ለማትነን ይጠቅማል፤ ለመፍታቱ ግን ከነዳጁ ከፊሉን ማቃጠል ግድ ይላል። በዴንማርክ ሰርኤነርጂ የተባለ ኩባንያ ለቴሌኮም ማማዎች ጭምር የሠራቸው የሜታኖል ማሽኖች በዚህ በመካከለኛው መንገድ የሚሄዱ ናቸው። በ250 ዲግሪ ከወጣ ሁለቱንም ይሸፍናል። የሶስና ኃይሌ ሴል ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም፤ ጨዉ በውሃ ይሟሟል፣ ስለዚህ ማሽኑ ሲጠፋ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ተለውጦ እንዳይነካው ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ፕላቲነምም ይፈልጋል። ግን ጉድለቱ ራሱ ከመዳቡ ጠባይ ጋር አንድ አቅጣጫ ያመለክታል፤ ሁለቱም አንዴ ከሞቁ ሳይቋረጡ መሥራት ይወዳሉ።

ሳይቋረጥ ጥቂት ኃይል የሚፈልግ ደግሞ የቴሌ ማማ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ጨምሯል። በአውራ ጎዳናው ላይ ያሉት ሰንበቴና ከሚሴ መስመር አላቸው። ከጎዳናው ወደ ምሥራቅ ሲወረድ ግን ምሰሶው እየሳሳ ይሄዳል፤ መስመር ያለበትም ቢሆን መብራት ይሄዳል፤ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወሎና ሰሜን ሸዋ በዘለቀ ጊዜ መብራትም ስልክም አብረው የጠፉባቸው ከተሞች ነበሩ። ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ አገልግሎት የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስመር በማይታመንበት ቦታ ሶላር፣ ባትሪና የናፍጣ ጄኔሬተር ይጠቀማሉ።

እዚህ ላይ የሚነሳው ዋናው መቃወሚያ ሶላርና ባትሪ እያሉ ይህ ሁሉ ለምን የሚል ነው። መቃወሚያው ጠንካራ ነው፤ አብዛኛውን ክርክር ያሸንፋል። ቆላው ፀሐይ አያጣም። ለክትባት ማቀዝቀዣ በቀጥታ በሶላር የሚሠራ ፍሪጅ አለ፤ ለእሱ ሜታኖል ማሰብ ሞኝነት ነው። ልዩነቱ የሚመጣው የመጠባበቂያው ቀን ሲረዝም ነው። አንድ ኪሎዋት ያለማቋረጥ የሚወስድ ማማ በቀን 24 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ለአንድ ሌሊት ባትሪ ይበቃዋል፤ ለአምስት ደመናማ ቀን ወይም ፓነሉ ለተሰረቀበት ሳምንት ግን 120 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ መግዛትና ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈት አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ከ1 ሊትር ሜታኖል የማሽኑ ኪሳራ ሁሉ ተቀንሶ 1.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቢገኝ፣ 200 ሊትር የሚይዝ አንድ በርሜል 340 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ለሁለት ሳምንት ነው። ሶላሩ ቀኑን ከሸፈነ ያው በርሜል ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ሜታኖሉ የሚተካው ጄኔሬተሩን ነው፤ ሶላሩና ባትሪው ባሉበት ይቀጥላሉ።

ታዲያ ጄኔሬተሩ ምን አደረገ? ናፍጣ በሊትር ከሜታኖል ከእጥፍ በላይ ኃይል ይይዛል፤ በደንብ የተጫነ ትንሽ ጄኔሬተር ከ1 ሊትር 2.5 ኪሎዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሰጣል። በዚህ ረገድ ናፍጣ ይበልጣል፤ መካድ አይገባም። ነገር ግን አብዛኛው የማማ ጄኔሬተር ከአቅሙ በታች ተጭኖ ስለሚሠራ ከዚያ ያነሰ ነው የሚሰጠው፤ ዘይትና ፊልትሮ ይጠይቃል፣ ይጮኻል፣ ናፍጣውም በየመንገዱ ገዢ ስላለው ከታንከሩ ይቀዳል። የሜታኖሉ ማሽን በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 640 ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያወጣ ናፍጣው ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል። ይህ ቁጥር ግን ያለ ሁለተኛው ጥያቄ ግማሽ እውነት ነው፤ ሜታኖሉ ሲመረት ምን አወጣ? በዓለም ከሚመረተው ሜታኖል ከግማሽ በላይ የሚሠራባት ቻይና በአብዛኛው የምትጠቀመው የድንጋይ ከሰል ነው። ከከሰል በተሠራ ሜታኖል ከሚሠራ ማማ ናፍጣ የሚያቃጥለው ማማ ለአየሩ ይሻላል።

ሌላው መቃወሚያ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የራሳችን ኢታኖል እያለ ለምን ሜታኖል? ፊንጫና መተሐራ ከሞላሰስ ኢታኖል ያወጣሉ፤ በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በኋላም 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ ተሽጧል። ሐሳቡ ያጓጓል። ኢታኖል ግን ሁለት ካርቦን አለው፤ እነሱን ያያዘውን ትስስር መዳብ አይሰብረውም። በ250 ዲግሪ መዳብ ላይ ኢታኖል የሚሆነው በዋነኛነት አሴታልዲሃይድ ነው፤ ከሃይድሮጅኑ ጥቂቱን ሰጥቶ ሌላውን ይዞ ይቀራል። ሙሉ በሙሉ ለመፍታት ኒኬል፣ ኮባልት ወይም ሮዲየምና ብዙ የበለጠ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ያኔ ደግሞ ካታሊስቱ ላይ ጥቀርሻ ይከማቻል። በሶስና ኃይሌ ሙከራ ኢታኖል 100 ሚሊዋት ብቻ የሰጠው፣ ከሜታኖሉ ከግማሽ በታች፣ ለዚህ ነው። ኢታኖላችን ቦታው ምድጃና ቤንዚን ነው።

ሦስተኛውን መቃወሚያ በዋዛ ማለፍ አይገባም። ሜታኖል መርዝ ነው። ሽታው የአልኮል ነው፣ ቀለም የለውም፤ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ዓይን ሊያጠፋ፣ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ሊገድል ይችላል። ሰውነት ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል፤ ሰውየው በመጀመሪያ የሰከረ ይመስላል፣ ጉዳቱ የሚታየው ከሰዓታት በኋላ ነው። እሳቱም በቀን ብርሃን አይታይም። የዘይት ጀሪካን ታጥቦ የውሃ መቅጃ በሚሆንበት አገር፣ ቀደም ብዬ እንደ ጥቅም የቆጠርኩት በጀሪካን መሰፈሩ ራሱ ትልቁ አደጋ ነው። ስለዚህ ይህ ነዳጅ ለቤት ምድጃ፣ ለሱቅ ወይም ለገበያ ሽያጭ መቅረብ የለበትም እላለሁ። ከውሃው ጋር አስቀድሞ ተቀላቅሎ፣ ቀለምና መራራ ነገር ተጨምሮበት፣ ማሽኑ ላይ ብቻ በሚገጥም በታሸገ ዕቃ ይግባ። ለማማና ለጤና ጣቢያ ብቻ ከሆነ ይህን መቆጣጠር ይቻላል፤ አቅራቢው አንድ፣ ተረካቢውም የታወቀ ነውና። ከ60 እጅ ሜታኖልና ከ40 እጅ ውሃ የተቀላቀለ ነዳጅ ለጄኔሬተርም ለመኪናም ስለማይሆን ሌባ የሚፈልገውም አይደለም። ለሚጠጣው ሰው ግን እንዲህም ሆኖ መርዝነቱ አይቀንስም።

የሚቀረው ምንጩ ነው፤ እዚህ ላይ መዳብ እንደገና ይመጣል። ሜታኖል በዓለም የሚመረተው በዚሁ በመዳብና ዚንክ ካታሊስት ነው፤ ያው ለውጥ ወደ ኋላ ሲሄድ። ስንፈታው ሁለት ሞለኪውል አራት ይሆናል፤ ስለዚህ ግፊት ሲጨምር ለውጡ ወደ ሜታኖል ያጋድላል። የጀርመኑ ባስፍ እ.ኤ.አ. በ1923 ሜታኖል ማምረት ሲጀምር በዚንክና ክሮሚየም ካታሊስት፣ ከ250 እጥፍ በላይ በሚደርስ የአየር ግፊት ነበር። መዳብ ያንን ጋዝ እንዳይጠጋ ያደረገው ድኝ ነበር። ጋዙን ማጽዳት ሲቻል እ.ኤ.አ. በ1966 የእንግሊዙ አይ ሲ አይ ከ50 እስከ 100 እጥፍ በሆነ የአየር ግፊት፣ በ250 ዲግሪ አካባቢ በመዳብ ማምረት ጀመረ፤ ዛሬ የዓለም ሜታኖል በዚያው መንገድ ይሠራል።

ለኢትዮጵያ ይህ ምን ማለት ነው? በሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ የመጀመሪያ ምዕራፍ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከዳንጎቴ ጋር በጎዴ ሊሠራ ስምምነት የተፈረመበት የማዳበሪያ ፋብሪካም በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርት ታቅዷል። እንዲህ ያለ ፋብሪካ በተለመደው መንገድ ከተሠራ ከጋዙ ሃይድሮጅን ሲያወጣ የቀረውን ካርቦን ሞኖክሳይድ በ200 ዲግሪ አካባቢ የሚያስወግደው በመዳብና ዚንክ እንክብል ነው። የመዳብ ካታሊስት ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የሚገባው ምናልባት በዚህ በር ይሆናል፤ እንክብሉን የሚጭን፣ ሃይድሮጅን አቅጥኖ የሚያነቃ፣ ያረጀውን ሳይነድ የሚያወጣ ባለሙያም እዚያ ይሠለጥናል። ከጋዝ ሜታኖል ማምረትም ይቻላል፤ ካርቦኑ ግን ከመሬት የወጣ ካርቦን ነው። ሌላው መንገድ አይስላንድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በጆርጅ ኦላ ስም በተሰየመው ፋብሪካ ያሳየችው ነው፤ ከከርሰ ምድር እንፋሎት ጣቢያ የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በኤሌክትሪክ ከተገኘ ሃይድሮጅን ጋር ማዋሃድ። ፊንጫ ላይ ሞላሰስ ሲቦካ ለ1 ኪሎ ኢታኖል 960 ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያውም ንጹህ፣ ወደ አየር ይወጣል፤ 1 ኪሎ ሜታኖል ለመሥራት 1.4 ኪሎ ያህል ይበቃል። ኤሌክትሪኩ ነው ውዱ። ለአንድ ኪሎ ሜታኖል 10 ኪሎዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይገባል፤ ማማው ላይ የሚመለሰው 2 ገደማ ነው። ከአምስት እጅ አራቱ በመንገድ ይቀራል። ስለዚህ መስመር በሚደርስበትና በሚታመንበት ቦታ ሁሉ ሽቦው ያሸንፋል፤ የሰንበቴ ከተማም ከእነዚያ አንዷ ነች። በዓመት ጥቂት በርሜል ለሚፈልግ የቆላ ማማ ግን ኪሳራው የሚቆጠረው ከናፍጣው፣ ናፍጣውን ከሚያመጣው መኪናና ስልክ በጠፋ ቁጥር ከሚቀረው የአምቡላንስ ጥሪ ጋር ተደምሮ ነው። ሂሳቡን በአንድ ወረዳ፣ በተወሰኑ ማማዎች ላይ፣ ለአንድ ክረምትና ለአንድ በጋ ሞክሮ ማየት ይቻላል። ጅሌ ጥሙጋ ለዚህ ጥሩ ቦታ ነው፤ አስፋልቱ ቅርብ ነው፣ ኮምቦልቻ በግማሽ ቀን ይደረሳል፣ ቆላው ደግሞ ማሽኑን በሙቀቱም በአቧራውም በደንብ ይፈትነዋል።